ማክሰኞ ጉም አያውቅም

ኦግሮሃዮን 6

ትናንት ኪስቲውን፣ የሳምንቱን የብድር ክፍያ፣ ከፈልኩ። ስለዚህ ዛሬ ጥሩ ቀን ነው። እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ድረስ ሰው ነኝ።

ልጄ ኮሂኑር አግብታ ኩልና ስትሄድ ትታው የሄደችው ደብተር ግማሹ ባዶ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከእሷ መጻሕፍት ነው፤ እሷ ስታጠና ከጀርባዋ ተቀምጬ፣ ምስር የምለቅም መስዬ። ማንበቡን አልተውኩትም፤ ገበያ ዕቃ የሚጠቀለልበትን ጋዜጣ እንኳ አንብቤ ነው የምጥለው። እጄ ግን መጻፍ እየረሳ ነው። ይህን የጀመርኩት ለእጄ ነው።

መበደር አልወድም። ግን የተምር ዛፎቹ የባለመሬቱ ናቸው፤ ለብርዱ ወራት፣ ከኦግሮሃዮን እስከ ፋልጉን፣ የሚያከራየው ደግሞ ገንዘቡን ቀድሞ ተቀብሎ ነው። ገንቦ መግዛት ነበረብኝ። ትልቁ ድስትም አሮጌው ቂጡ ተበስቶ ዘንድሮ አዲስ አሠራሁ። ይህን ሁሉ በማኅበሩ ብድር ነው ያደረግሁት። ዛፎቹ የሚሰጡት ሲበርድ ብቻ ነው። ማኅበሩ የሚቀበለው ግን በየማክሰኞው ነው፤ ሙቀትም ይሁን ዝናብ። እስከ ዛሬ በብርድ ልብስ ስፌትና በዶሮ ገፋሁት። ዶሮዎቹ አልቀዋል።

ቶራብ ዛሬ ዛፎቹን ማጽዳት ጀመረ። ባሌን ኮባድን «ታላቅ ወንድሜ» ይለው ስለነበር እኔን እስከ ዛሬ ባቢ፣ የወንድም ሚስት፣ ነው የሚለኝ። እሱ ዛፍ ወጥቶ ከአናቱ ልጡን ይቆርጣል፣ ጣፋጭ ውሃው ገንቦ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ እኔ አፈላለሁ፣ የተረፈውን እንካፈላለን። ከላይ ሆኖ ጮኸ፦

«ባቢ! ከዚህ ሆኜ ጣራሽ ይታየኛል! ቀዳዳው ከቆርቆሮው ይበልጣል!»

«አንተ የቆምክበትን እይ!» አልኩት።

ቀና ብዬ አይደለም ያልኩት። ሰው ዛፍ ሲወጣ አላይም። ኮባድ ወድቆ ከሞተ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው።


ኦግሮሃዮን 12

ከፈልኩ። የሰፋሁትን የመጨረሻውን ብርድ ልብስ ሸጬ። ዛሬ ጊዜ የለኝም፣ ገንቦዎቹን ማጠን አለብኝ።


ኦግሮሃዮን 15

የመጀመሪያው የተምር ውሃ መጣ!

ጎህ ሳይቀድ ቶራብ ገንቦዎቹን በትከሻ እንጨቱ ተሸክሞ ሲመጣ፣ የገንቦዎቹ አፍ ላይ ጤዛ ነበር። ውሃው እንደ ምንጭ የጠራ ነው። ድስቱን ሞልቼ ገለባ ማገድኩ። ውሃው መጀመሪያ ነጭ አረፋ ያወጣል፣ ከዚያ ይቀላል፣ ከዚያ እንደ ማር ይከብዳል፤ ጉር የምንለው ጣፋጭ እሱ ነው። በመጨረሻ ከድስቱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ይዞ በማማሰያው ጀርባ እስኪነጣ ድረስ ማሸት ነው። ያ ዘሩ ነው። ዘሩን ወደ ድስቱ ሲመልሱት ጉሩ ሁሉ ይረጋል። ቶሎ ከመለሱት አይዝም፣ ከዘገዩ ያርራል። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ ከአማቴ ሰርቄ ነው ያየሁት። እኔ ብዙውን ነገር እንዲሁ ነው የተማርኩት።

ዛሬ ዘሩ ያዘልኝ። ጥፍጥፎቹን ከቅርጽ ማውጫው ስገለብጣቸው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጡ። ኮሂኑር ስልክ ደወለች።

«እማ፣ ድምፅሽ ደስ ይላል፤ ምን ተገኘ?»

«ጉር ተገኘ» አልኳት።

«እኔ ጋ ነይና ተቀመጪ እኮ አልኩሽ።»

«ከነድስቴ ልምጣ?»

ሳቀች። ባሏ ከጎኗ ሆኖ ሲስቅም ሰማሁ። ጥሩ ልጅ ነው። እሱ ጋ መኖር ግን አልችልም።


ኦግሮሃዮን 19

ከፈልኩ። የጠዋቱ ጉር ገበያ ደርሶ፣ ገንዘቡ እጄ ላይ ሳይሞቅ ወደ ሰብሳቢው ታንቪር ሄደ። ቢሆንም ተመስገን፣ ከጉር ነው የመጣው።

በየማክሰኞው የምንሰበሰበው በሞርጂና ግቢ ነው፤ የቡድኑ መሪ እሷ ናት። ደንቡ ሁሉም ሴት ሳይከፍል አንዷም አትነሳም ነው። ስወጣ ሞርጂና ለጎረቤቷ በሹክሹክታ፦ «የኮባድ ሚስት ዘንድሮ ትወድቃለች፤ ዛፍ ይዞ ብድር የት ይደረሳል?» ስትል ሰማሁ። የሞርጂና ሹክሹክታ ከመንገዱ ማዶም ይሰማል።


ፖውሽ 2

ሒሳቤ አይገጥምም።

ዛፍ ተቆርጦ ሦስት ሌሊት ይሰጣል፣ ከዚያ ሦስት ቀን ያርፋል። የመጀመሪያው ሌሊት ውሃ ለጥፍጥፍ ነው፤ የሁለተኛው ለቀጭን ጉር፤ የሦስተኛው ለከብት ካልሆነ ለማንም። ኪስቲ ግን በሰባት ቀኑ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ አንዳንዴ ዛፎቹ ሲሰጡ ይመጣል፣ አንዳንዴ ሲያርፉ። ነገ ሲያርፉ ነው የሚመጣው።

ቶራብን «ሳያርፉ እንቁረጣቸው?» አልኩት።

አየኝ። «ባቢ፣ አንቺ ነሽ ይህን የምትዪኝ?»

«ለአንድ ጊዜ ብቻ።»

«ኮባድ ቢሰማ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ወጥቶ ቆረጠ። እኔ ቤት ገባሁ።


ፖውሽ 3

የወጣው ውሃ የደፈረሰና ኮምጠጥ ያለ ነው። ዘሩን አሸሁ፣ አሸሁ፣ አልነጣም። ያልረጋ ጉር በቆርቆሮ ይዤ ለነጋዴው ለኒታይ አጎንብሼ ሸጥኩ። ኪስቲው ሞላ። በቃ። ከፈልኩ።

ዛፎቹ ላይ ያደረግሁት ግን ልክ አይደለም።


ፖውሽ 6

ኒታይ ደግ ነጋዴ ነው፤ ሲያታልል እንኳ ሻይ ጋብዞ ነው። ዛሬ ጥፍጥፌን በጥፍሩ ጫር አድርጎ፣

«እህቴ፣ ንጹሕ ነው» አለኝ።

«ንጹሕ መሆኑ ነው ጥፋቱ?»

«ጥፋቱ ትንሽ መሆኑ ነው። ገበያው ላይ ያለው ሁሉ እኩሌታው ስኳር ነው። ስኳር ሲገባ ይበዛል፣ ይረጋል፣ ይነጣል፣ ሰውም ነጩን ነው የሚመርጠው። ጥፍጥፍሽ ውስጥ ጥቂት ብትጨምሪ ኪስቲሽ አይጨንቅሽም።»

ተመልሼ ስመጣ ከሱቅ ሁለት ኪሎ ስኳር ገዛሁ።

አላስገባሁትም። ቢያንስ ዛሬ አላስገባሁትም። ለሻይ ነው የገዛሁት ብዬ ከመደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ኪሎ ስኳር ለአንዲት መበለት ሻይ!


ፖውሽ 10

ከፈልኩ። የመጀመሪያ ሌሊት ውሃ ከማክሰኞ ጋር ገጠመልኝ። መንገዱን እያዜምኩ ነው የመጣሁት፤ ሰው እንዳለ ሳይ አቆምኩ።


ፖውሽ 13

ጉም።


ፖውሽ 14

ዛሬም ጉም። ከደጄ ሆኜ የራሴ ምድጃ አይታየኝም። በጉም ሌሊት የሚወርደው ውሃ ይኮመጥጣል፤ ቶራብ «አንቆርጥም» አለ። ልክ ነው። ዛፎቹ ያርፋሉ። እኔ አላርፍም። ቤት ውስጥ ያለውን የሚሸጥ ነገር በዓይኔ ስቆጥር ዋልኩ፤ ቆጠራው ከሁለት ነገር አላለፈም፦ ድስቱና እኔ።

ባለፈው ዓመት ሁለት ማክሰኞ ተከታትሎ ያመለጣት ሴት ነበረች። የቡድኑ ሴቶች ሄደው ፍየሏን ፈትተው ሸጡ፤ እኔም አብሬያቸው ሄጃለሁ። ገመዱን የፈታሁት እኔ አይደለሁም፣ ግን ሄጃለሁ። ከእኔ የሚፈቱት ፍየል የለም። ድስቱን ነው የሚወስዱት። ድስት ከሌለ ጉር የለም፣ ጉር ከሌለ ኪስቲ የለም፤ ከዚያ ወዲያ ጣራው ነው።


ፖውሽ 15

ጉሙ ተገፈፈ! ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ መሰለ። ምሽቱ ደረቅ ብርድ ነው። ዛፎቹ ከልማዳቸው በላይ አርፈዋል። ነገ ቢቆረጡ፣ ማክሰኞ ጠዋት የሚወርደው ውሃ የዓመቱ ምርጥ ውሃ ነው። ኪስቲውን ሞልቶ ይተርፋል።

ልነግረው ወደ ቶራብ ቤት እየሮጥኩ ሄድኩ።

ቶራብ ተኝቷል። ሚስቱ ሸፋሊ ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጋለች። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ሲያየኝ ለመነሳት ሞከረ።

«ባቢ፣ ሰማዩን አየሽው?»

«አየሁት።»

«ነገ እወጣለሁ። ቀላል ትኩሳት ነው።»

ምን ብዬ እንደወጣሁ አላስታውስም። ሌላ ዛፍ ቆራጭ የለም፤ ሽማግሌዎቹ የየራሳቸው ዛፍ አለባቸው፣ ወጣቶቹ ዳካ ሄደው ልብስ ይሰፋሉ።

ቀላል ትኩሳት ነው። ይህችን ቃል አውቃታለሁ። ያኔም ሰማዩ እንዲህ ነበር። ያኔም ማክሰኞ ደርሶ ነበር። ይልቅ ልተኛ።


ፖውሽ 16

ጠዋት ቶራብ ሳይነቃ ሄጄ ገመዱንና ቢላውን ወሰድኩ። ሸፋሊ አየችኝ። በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችልኝ።

ከቀትር በኋላ ራሱን በሻርፕ ጠቅልሎ፣ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ከምድጃው አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ባቢ፣ ገመዴን አይተሻል?»

«የምን ገመድ?»

«ሸፋሊ አንቺ ወሰድሽው ትላለች።»

«ሳስቷል። ልጠግነው ነው።»

«ባለፈው ወር የገዛሁት ገመድ?»

«የዛሬ ዕቃ ምን ይረባል?»

ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ሳሉ እስኪያልፍ ግድግዳውን ደገፍ ብሎ ቆመ። «ነገ እኮ ማክሰኞ ነው።»

«ማክሰኞን እኔም አውቀዋለሁ።»

«ከወጣሁ ላይ ያለው ብርድ ትኩሳቱን ያወርደዋል።»

«ሂድና ተኛ ቶራብ።»

«ድስቱን ይወስዱብሻል እኮ!»

«ይውሰዱት። ሂድ አልኩህ እኮ!»

እንዲህ ጮኼበት አላውቅም። በማንም ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ከአንድ ጊዜ በቀር። ደንግጦ ሄደ። ገመዱ የተቀመጥኩበት ጆንያ ውስጥ ነበር። ከመንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ አልተነሳሁም።

ጀምበር ስትጠልቅ ዛፎቹን ቆሜ አየኋቸው። ገንቦ አልተሰቀለባቸውም። ሰማዩ ላይ አንዲት ዳመና የለችም። መናደድ ነበረብኝ። የሚገርመው ራት በላሁ፣ ሁለተኛም ጨመርኩ።


ፖውሽ 18

ትናንት የሆነውን በደንብ ልጻፈው።

ወደ ሞርጂና ግቢ ባዶ እጄን ሄድኩ። እንዲያውም ቀድሜ ደረስኩ። ሴቶቹ አንድ በአንድ መጥተው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ታንቪር ሞተሩን አቁሞ፣ ወገቡን እያሸ ገባ። ወጣት ነው፤ ሲሰበስብ ሁልጊዜ አቀርቅሮ ነው፣ ፊት አያይም። እየተቀበለ እየተቀበለ እኔ ጋ ደረሰ።

«አክስቴ፣ የእርስዎ?»

«የለኝም ልጄ።»

«ግማሹስ?»

«ምንም የለኝም።»

እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ ከተተ። «እንግዲህ እንቀመጣለን» አለ። የተቆጣ አይመስልም። ጎድሎበት ቢሮ ከገባ ከደመወዙ እንደሚቆርጡበት ሁላችንም እናውቃለን።

ሞርጂና ወደ እኔ ዞረች። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሰማዩ መስታወት ነው። ዛፎችሽ አርፈዋል። ቶራብ የት ሄዶ ነው?»

«አሞታል።»

«ሞቷል ወይ?»

«አልሞተም።»

«ታዲያ ካልሞተ ለምን አልወጣም?»

ዳክዬዎቹ ብቻ ይንጫጫሉ። ሞርጂና አፏ የተናገረውን ጆሮዋ ዘግይቶ የሰማው መሰለኝ፤ ሻሿን ወደ ፊት ሳበችና «ውሃ ያለው አለ?» አለች። ለማን እንደጠየቀች አላውቅም፤ ውሃው ለእኔ መጣ።

ተቀመጥን። ጥላው ከግድግዳው ወርዶ እግራችን ላይ ደረሰ። አንዲት ሕፃን የታቀፈች ሙሽራ፣ «ባሌ ምሳ ይጠብቃል» ብላ ታለቅስ ጀመር።

«ባልሽ እጁ የት ሄዶ ነው?» አለቻት አንዷ።

«ሩዝ የት እንዳለ አያውቅም!»

«አንቺን ከአገር ማዶ ፈልጎ ያገኘ ሰው ሩዝ ማግኘት ያቅተዋል?»

ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል ከኋላ አንዷ «ድስቷ አዲስ ነው፤ ጥሩ ያወጣል» አለች። ሳቁ ቆመ። ማን እንዳለችው አውቄያለሁ፤ ፍየሏ የተሸጠባት ናት። አልፈረድኩባትም። ተነስቼ «እሺ፣ ነገ ኑና ውሰዱት» አልኩ። የጠበቅሁትን ያህል አልከፋኝም። ምሽት ላይ ቶራብ አልጋው ላይ እንደሚተኛ አውቅ ነበር፤ እሱ እያለ ሌላው ሁሉ ዕቃ ነው።

ሞርጂና ግን ትክ ብላ አየችኝና፣

«አንቺ፣ ስኳር ታስገቢበታለሽ?» አለችኝ።

«ምኑ ላይ?»

«ጉርሽ ላይ ነዋ! ልጅሽ ላይ ልልሽ ነው?»

«አላስገባም።» እውነት ነው። ሁለት ኪሎው ግን ቤት ቁጭ ብሎ ያየኛል።

ሞርጂና ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ስሙኝማ። ፖውሽ ሊያልቅ ነው። አማቾቻችን ይመጣሉ፣ የሩዝ ቂጣውን በጉር መሥራት አለብን። አምና ከገበያ የገዛሁት ጉር ስኳር ሆኖ የልጄ አማት ምን አለች መሰላችሁ? ‹እናንተ ሰፈር ተምር አይበቅልም እንዴ?› አለችኝ። እኔን! ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት ሌሊት መልስ እያዘጋጀሁ ነው።»

«አንቺ መልስ አጥተሽ?» አለ አንድ ድምፅ።

«አዎ፣ አንድ ቀን። ስለዚህ ከዚህች ሴት አሁን እገዛለሁ። ከፍዬ እሄዳለሁ፤ ጉሩን ቶራብ ሲድን ታመጣለች። ሁለት ጥፍጥፍ። አንቺስ?»

«አንድ።»

«አንድ? ያ ሁሉ አማችሽ በአንድ? ሁለት በይ! አንቺስ?»

እንዲህ እያለች ምንጣፉን ዞረች። አንዷ ከሻሿ ጫፍ፣ አንዷ ከጡት መያዣዋ፣ አንዷ ከሕፃኑ ኮፍያ ውስጥ ጥቂት ታካ አወጡ። ያቺ ፍየሏ የተሸጠባት ሴትም አወጣች፤ «ግማሽ ጥፍጥፍ» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። ከሁሉም እሷ የሰጠችኝ ከበደኝ።

ታንቪር ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄ እኮ በማኅበሩ አሠራር...»

«አሠራርህ የሚፈልገው ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ይኸውልህ። ቁጠር!»

ቆጠረ። ትንሽ ጎደለ። ኪሱ ገባና የራሱን አውጥቶ ጨመረበት። «ለእናቴ አንድ» አለኝ ቀስ ብሎ። «እናቴም ስለ ስኳሩ ትማረራለች።»

ወደ ቤት ስመለስ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። ከዚያ ግማሽ መንገድ ላይ አሰብኩት፦ እዳዬ አልተቃለለም፤ የገንዘብ ነበር፣ አሁን የጉር ሆነ። ያም ሆኖ ጉር መሥራት አውቃለሁ። ገንዘብ መሥራት ግን አውቄ አላውቅም።


ፖውሽ 21

የቶራብ ትኩሳት ወረደ። ሸፋሊ ሾርባ ልካ «ገመዱ ተጠገነ ወይ ይላል» አለችኝ። አልተጠገነም በይው አልኳት። ሁለት ቀን ይጨምር።


ፖውሽ 24

ዛሬ ከፈልኩ፣ ከስፌት። ቶራብ ከሰዓት በኋላ ወጣ። ገመዱን ስሰጠው አገላብጦ አየውና «የት ላይ ነው የጠገንሽው?» አለ። «ጥሩ ጥገና አይታይም» አልኩት።


ፖውሽ 25

እንዲህ ያለ ውሃ ከዚህ በፊት አላየሁም። ያረፈ ዛፍ! ገንቦዎቹ ሞልተው ፈሰሱ። ዘሩ ገና ሳላሸው ነጣ። ጥፍጥፎቹ የፈረስ ቆዳ የመሰለ ቀለም አላቸው፤ ስሰብራቸው ውስጣቸው ጭስና አበባ ይሸታል። አንድ ቁራጭ አፌ ውስጥ አድርጌ እስኪሟሟ ምድጃውን ረሳሁት።

ድስቱ ሲፈላ ስኳሩ መደርደሪያው ላይ ነበር። ለሁሉም የገባሁላቸውን ለማድረስ አራት ጥፍጥፍ ይጎድላል። ሁለት ኪሎው ቢገባ ይሞላል፤ ማንም አያውቅም። ድስቱን ሳማስል ጀርባዬን ሰጠሁት።

ያረፈ ዛፍ የሁለተኛ ሌሊት ውሃውም ይረጋል፤ የጎደለውን ነገ አደርሳለሁ።


ፖውሽ 28

ሁሉም ደረሳቸው። የሞርጂናን ለመጨረሻ አቆይቼ ራሴ ወሰድኩላት። ከጫፉ ሰብራ ቀመሰች። ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ትምጣ» አለች።

«ማን?»

«የልጄ አማት! ትምጣ አሁን!»


ማግ 1

ከፈልኩ። አማቾቹ በየቤቱ ገብተዋል፣ መንደሩ በሩዝ ቂጣ ሽታ ታጥኗል። አማቾቹ ሲመለሱ ለእናቶቻቸው ይዘው መሄድ ፈለጉና ሁለቱ ቤቴ ድረስ መጡ። ኒታይ ከሚሰጠኝ በላይ ሰጡኝ። ኮሂኑርና ባሏም ዛሬ ይደርሳሉ። የቤቱን ወለል በጭቃ ለቀለቅሁ፣ ጊዜ የለም።


ማግ 8

ከፈልኩ።


ማግ 9

ቶራብ ገንቦዎቹን አውርዶ ሲጨርስ ምድጃው ዳር ሊሞቅ ተቀመጠ። ሻይ አፈላሁለት። እሳቱን እየቆሰቆሰ፣

«ባቢ፣ ያን ገመድ ለምን እንደወሰድሽው አውቃለሁ» አለኝ።

«ሳስቶ ነበር።»

«እሺ፣ ሳስቶ ነበር።» «ኮባድን እኮ ማንም አልላከውም። ኮባድ ጨው ግዛ ተብሎ እንኳ የማይላክ ሰው ነበር። የወጣው ስለፈለገ ነው። እኔ ስር ቆሜ ነበር። ደስ ብሎት ነው የወጣው፤ እያፏጨ።»

«እያፏጨ?»

«እያፏጨ። ዜማውን ሳይቀር ላፏጭልሽ እችላለሁ።»

አፏጨልኝ። ኮባድ ሲያፏጭ ዜማ አይዝም ነበር፤ ቶራብም አጠፋፉን እንደ ነበረ አመጣው። ሳቅኩ። ፊቴን ወደ ጭሱ አዞርኩ።

ቶራብ ደግ ሰው ነው። ስር ቆሞ ነበር፤ እውነቱን ነው። ጎህ ሲቀድ ግን እቤቴ ውስጥ አልነበረም፤ «ትኩሳት ኪስቲ አይከፍልም» ብዬ ስጮህበት አልሰማም።

እያፏጨ መውጣቱን ግን አላውቅም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ የሄደ ነበር የሚመስለኝ። ለቶራብ ሻዩ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመርኩለት። «ባቢ፣ ጥርሴን ልታረግፊው ነው?» አለኝ። ያ ስኳር በሌላ መንገድ አያልቅም።


ማግ 22

ከፈልኩ። ከፊሉ ከጉር፣ ከፊሉ ከስፌት። ባለፈው ሰሞን ጉም ነበር፤ ሁለት ቀን አልቆረጥንም። አልተጨነቅሁም ብል ውሸት ነው። ግን ትራስ ስር ለጉም ቀን ያስቀመጥኩት ነበረኝ። ይህን ብልሃት ያገኘሁት ዘግይቼ ነው፤ ዛፎቹ ብዙ በሰጡበት ሳምንት የሁለት ማክሰኞ መያዝ።


ፋልጉን 6

የመጨረሻው ኪስቲ።

ታንቪር ማኅተሙን ሲመታበት ሴቶቹ አጨበጨቡ። ማኅተሙ እንኳ ሳይደርቅ፣

«አክስቴ፣ በደንብ ስለከፈሉ አሁን እጥፉን መበደር ይችላሉ። ዛሬውኑ ፎርሙን ልሙላልዎ?» አለኝ።

«እጥፉን ምን ላድርገው?»

«ብዙ ዛፍ ይከራያሉ።»

«ብዙ ዛፍ ማን ይወጣልኛል?»

ታንቪር አሰበበት። ለዚህ ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም መሰለኝ። «ያስቡበት» አለኝ። አስባለሁ አልኩት፣ ለጨዋነት። ከትርፉ የሚመጣውን ዓመት ኪራይ ለባለመሬቱ ግማሹን ዛሬ ወስጄ ሰጠሁት። ሌላውን በስፌት እሞላለሁ።


ፋልጉን 14

ትናንት ማክሰኞ ነበር። ከእንቅልፌ ስነቃ ልቤ እንደ ልማዱ ዘለለ። ፊቴን ታጠብኩ፣ የማክሰኞ ሳሪዬን ለበስኩ፣ ኩሬው ዘንድ ስደርስ የምከፍለው እንደሌለ ትዝ አለኝ። ለብቻዬ ቆሜ ሳቅሁ። ከዚያ መመለሱ ሰለቸኝና ቀጠልኩ።

ግቢው ጸጥ ብሎ አገኘሁት። ታንቪር እስክሪብቶው ተከድኗል። ሴቶቹ ምንጣፉን ያያሉ፤ ማንም ማንንም አያይም። ቀስ ብዬ «ማን ነው የጎደለባት?» አልኩ።

ሞርጂና ራሷ፣

«እኔ ነኝ» አለች። «አማቼ ሰባት ቀን ብሎ መጥቶ ወር ቆየ። ጉርሽ ነው ያቆየው።»

መሄድ እችል ነበር። እዳም ደንብም አልነበረብኝም። ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን የሚሸጥ አለሽ እትዬ?» አልኳት።

«ምላሴ!»

«እሱንማ ለስንት ዓመት በነጻ ስንወስደው ኖረን ማን ይገዛሻል?»

እኔ ነኝ ያልኩት። ከእኔ አፍ ነው የወጣው። መጀመሪያ ሰሞኑን ቡድኑን የተቀላቀለችው ሸፋሊ ፈነዳች፣ ከዚያ ያቺ ሙሽራ፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ። ታንቪር ፊቱን በደብተሩ ሸፈነ። ሞርጂና ልትቆጣ አፏን ከፍታ፣ ተመልሳ ዘጋችው፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የዳክዬዎቿን እንቁላል እስከ ወሩ መጨረሻ ገዛኋት፤ አስቀድሜ ከፍዬ። ሌሎቹም ጨመሩ። በጊዜ ተነሳን።

ማታ ከሶላት በኋላ ለኮባድ ዱዓ ማድረግ ልማዴ ነው። መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ የምጨምራት አንዲት የይቅርታ ዓረፍተ ነገር አለች፤ እዚህ ጽፌያት አላውቅም። ትናንት ማታ ዱዓውን ጨርሼ፣ ጉልበቴን ላሳርፍ ብዬ ጎኔን ጋደም አደረግሁ። ስነቃ ጀምበር ወጥታ፣ ዳክዬ ይንጫጫል።

ሳልላት ነጋ።